ቲን ክላየንቶቹን ከመመለሳችሁ በፊት

እህቴ፣ ለመስሪያ ቤታችሁ 30 ቲን ክላየንት፣ ማለት ስራውን ሰርቨር ላይ የሚሰራ ትንሽ ሳጥን፣ ተገዝቶ ከሰርቨሩ ቨርቹዋል ዴስክቶፕ (ሰርቨሩ ላይ ካለው የተጠቃሚው ዴስክቶፕ) ጋር ልታገናኚ ስትይ ግማሹ ሰርተፊኬቱን (የሰርቨሩን መታወቂያ) አላምንም ይልሻል፣ የቅርንጫፎቹ ደግሞ ፓስወርድ ካስገባሽ በኋላ ጥቁር ስክሪን ላይ ይቀራሉ፣ ዕቃው ይመለስ ወይ ላልሽው፣ አይመለስ። ቢያንስ ገና ነው። እኔ እነዚህን ሳጥኖች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስጎትት ስድስት ዓመት አለፈኝ፣ ሳጥኑ ራሱ ተበላሽቶ ያገኘሁት በጣት የሚቆጠር ነው። ምኑ ይበላሻል? ሃርድ ዲስክ የለው፣ ብዙዎቹ ፋን እንኳን የላቸው፣ ስራው በሙሉ ያለው ሰርቨሩ ላይ ነው፣ እሱ የሰርቨሩን ስክሪን ማሳየትና የኪቦርድና የማውሱን መላክ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥፋተኛውን ከኋላው ፈልጊ።

መጀመሪያ ሰዓቱን እዪ። አትሳቂ። ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን አለው፣ መጋዘን ብዙ የቆየ ዕቃ ደግሞ ባትሪው አልቆ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። እኔ አንድ ቅርንጫፍ 12 ተርሚናል (ያው ቲን ክላየንት) አልገናኝ ብሎኝ ሄጄ ሳይ ቀኑ 2016 ይላል። ባትሪ ነው ብዬ ያቺን የሳንቲም የምታክለውን 12 ፍሬ ገዝቼ ተመለስኩ፣ አንዱን ከፍቼ ስለካው ባትሪው ደህና ነው። ለካስ የቅርንጫፉ ልጅ ቀኑ የተሳሳተ መስሎት በኛ አቆጣጠር አስተካክሎልኛል! ወሩም ቀኑም የሀበሻ፣ ሰዓቱም ጠዋት 3፡20። ጊዜው በፈረንጅ 2024 ነው፣ ሰርተፊኬቱ የወጣው 2023፣ ለማሽኑ ግን ገና 2016 ነው፣ ያልተወለደ ሰርተፊኬት ማን ያምናል። ልጁን ምንም አላልኩትም፣ ማንም ያደርገዋል። ተርሚናሎቹ ሰዓት ከዶሜይን ሰርቨሩ (የመስሪያ ቤቱን አካውንቶችና ኮምፒውተሮች ከሚያስተዳድረው) በራሳቸው እንዲወስዱ አድርጊ፣ ታይም ዞኑንም የአዲስ አበባ አድርጊው፣ ሰው እጅ ላይ አትተዪው። ዶሜይን ውስጥ ያሉ ከሆነ ደግሞ ማንነት የሚያረጋግጠው ኬርቤሮስ በልማዱ ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይቀበልም።

ሁለተኛ፣ ሰርተፊኬቱ ከራሳችሁ ሰርቨር የወጣ ከሆነ ሩት ሰርተፊኬቱ (የሌሎቹ ሰርተፊኬቶች ዋስ የሆነው ዋናው) ተርሚናሉ ላይ መጫን አለበት፣ የምትገናኚውም በስሙ እንጂ በአይፒ አድራሻው አይሁን፣ ሰርተፊኬቱ የተጻፈው በስም ስለሆነ አይፒ ስትጽፊለት ሌላ ሰው መጣ ነው የሚለው። ስሙን ካላገኘው ስምን ወደ አይፒ የሚቀይረውን ዲኤንኤሱን እዪ። እዚህ ጋ ደግሞ እኔን ያዋረደኝን ልንገርሽ። እነዛ 12ቱ ላይ ሩት ሰርተፊኬቱን አንድ በአንድ ጭኜ፣ ሁሉም ሲገባ አይቼ፣ ተመስገን ብዬ ወጣሁ። ሌሊት መብራት ጠፋ። በነጋታው ከጠዋቱ 2፡30 ላይ ስልክ፣ 12ቱም እንደገና አላምንም ብለዋል። ዊንዶውስ ያላቸው ቲን ክላየንቶች ላይ ራይት ፊልተር የሚባል ነገር አለ፣ የጫንሽውን ሁሉ ሪስታርት ሲያደርግ ያጠፋዋል፣ ለደህንነት ጥሩ ነው ለማያውቀው ግን መከራ ነው። ፊልተሩን አጥፊ፣ ሪስታርት አድርጊ፣ ጫኚ፣ ከዛ መልሰሽ አብሪው። 30ውንም በእጅ ከምትዞሪ የዕቃው ማኔጅመንት ሶፍትዌር ካለ በሱ ላኪው።

ጥቁር ስክሪኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ፓስወርዱን ከተቀበለሽ ሰርቨሩ ጋ ደርሰሻል ማለት ነው። መጀመሪያ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤንድ አንድ ላይ ተጫኚ፣ ዲሊት አይደለም ኤንድ፣ ሜኑው ከመጣ ኔትዎርኩ ደህና ነው፣ ያልተነሳው የተጠቃሚው ዴስክቶፕ ነው፣ ሴሽኑን (ሰርቨሩ ላይ የተከፈተለትን ስራ) ከሰርቨሩ ላይ ሎግ ኦፍ አድርገሽ እንደገና ይግባ። ሜኑውም ካልመጣ፣ ዋናው ቢሮ ሰርቶ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በተዘረጋ የግል መስመር) የሚመጡት ቅርንጫፎች ብቻ ከጠቆሩ፣ ብዙ ጊዜ የፓኬት፣ ማለት ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክበት ጥቅል፣ መጠን ነው። ከቅርንጫፉ አንድ ላፕቶፕ ላይ ፓኬቱ እንዳይቆራረጥ አድርገሽ በ1472 ባይት ፒንግ ላኪ፣ ካላለፈ እየቀነስሽ ሞክሪ፣ በ1350 ምናምን ካለፈ ኤምቲዩውን (የሚያልፈውን ትልቁን የፓኬት መጠን) ራውተሩ ላይ ዝቅ ማድረግ ነው። የምትገናኚው በአርዲፒ (በማይክሮሶፍት ሪሞት ዴስክቶፕ) ከሆነ ደግሞ በቲሲፒ ብቻ ሳይሆን በሌላው የመላኪያ መንገድ በዩዲፒም በፖርት 3389 ስለሚሄድ፣ ለሙከራ ዩዲፒውን አጥፍተሽ እዪው። እኔ ጋ አንዴ በዚህ ብቻ ተፈትቷል፣ ከዛ በፊት ሁለት ሳምንት ኬብል ስቀይር ነበር።

አዲስ ሰራተኛ ብቻ አልገባ ካለሽ አካውንቱ ላይ በመጀመሪያ መግቢያ ፓስወርድ ይቀይር የሚለው ተመርጦ እንደሆነ እዪ። ኤንኤልኤ (ዴስክቶፑ ከመከፈቱ በፊት ፓስወርድ የሚያጣራው) በርቶ ከሆነ ፓስወርድ መቀየሪያው ጋ ሳይደርስ በሩ ላይ ይመልሰዋል።

አሁን ያልጠየቅሽው ግን የሚመጣብሽ ነገር፣ ላይሰንስ። የማይክሮሶፍት ሪሞት ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ላይሰንስ 120 ቀን ይሰራል፣ ስለዚህ ሁሉም ነገር አልቆ አለቃሽ አመስግኖሽ፣ አራት ወር ሲሞላ አንድ ጠዋት ማንም አይገባም፣ ያኔ ደግሞ ግዢ ክፍል ፕሮፎርማ ሰብስቢ ይልሻል። ከአሁኑ ጠይቂ። በሺፍት የምትሰሩ ከሆነ፣ አንዱ ተርሚናል ላይ ጠዋት አንድ ሰው ከሰዓት ሌላ ሰው የሚቀመጥ ከሆነ፣ በሰው ሳይሆን በዕቃ የሚቆጠረውን ግዙ፣ ቁጥሩ ያንሳል።

አማርኛ መጻፊያውንም ፎንቱንም ሰርቨሩ ላይ ጫኚ፣ ተርሚናሉ ላይ አይደለም፣ ሰነዱ የሚከፈተው እዛ ስለሆነ። ተርሚናሉ ላይ እንግሊዝኛውን ብቻ ተዪው፣ ሁለቱ ጋ ሲሆን ኪቦርዱ ይጣላል፣ አንድ ጸሐፊያችን ሀ ስትጫን ሌላ ፊደል እየወጣባት ስታማርር ከርማለች።

ሰራተኞቹም ወደ ቤት ሲሄዱ ሳጥኑን አጥፍተው ነው የሚወጡት፣ ያ ሎግ ኦፍ አይደለም፣ ሴሽኑ ሰርቨሩ ላይ ተከፍቶ ያድራል፣ ሜሞሪውን ይበላል፣ ከዛ ሲስተሙ ዘገምተኛ ነው ብለው አንቺን ይወቅሳሉ። ሴሽን ተቋርጦ 2 ሰዓት ከቆየ በራሱ እንዲዘጋ አድርጊው። ዩፒኤስ ካለሽም መጀመሪያ ለሰርቨሩና ለስዊቹ፣ ተርሚናሉ ቢጠፋ መብራት ሲመጣ ሴሽኑ ገና ካልተዘጋ ተመልሶ ገብቶ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ስዊቹ ከጠፋ ግን ሁሉም ነው የሚቆመው።

ነገ ስትገቢ ከ30ው አንዱን ብቻ ያዢ፣ ቀኑና ዓመቱ ስንት እንደሚል፣ የምትገናኚውም በስም ይሁን በአይፒ እዚሁ ጻፊልኝ፣ የኤረሩንም ፎቶ ላኪ።