ያኩቲያ፦ ስፋቷ ብዙ፣ ሕዝቧ ጥቂት (ጥያቄና መልስ)

ስለ ሩሲያ ክልሎች ጥያቄ ካላችሁ ላኩ ብዬ ነበር። አብዛኛው የመጣው በሳይቤሪያ ስላለችው ስለ ያኩቲያ ነው፣ ስለዚህ ዛሬ እሷ ላይ እንቆይ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ያኩቲያና ሳኻ የተለያዩ ቦታዎች ናቸው?

መልስ፦ አንድ ናቸው። ሙሉ ስሟ የሳኻ ሪፐብሊክ (ያኩቲያ) ነው። ዋና ከተማዋ ያኩትስክ፣ የተቆረቆረችው በ1632።

ጥያቄ፦ ስፋቷ የሚወራላትን ያህል ነው ወይስ ተጋንኗል?

መልስ፦ አልተጋነነም። ከ3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ትበልጣለች። በዓለም ላይ በአንድ አገር ውስጥ ካሉ የአስተዳደር ክልሎች ይህን የሚያህል የለም። ብቻዋን ሦስት የሰዓት ቀጠና አላት። ከህንድ ብዙም አታንስም፤ ግን ህንድ ውስጥ ከ1.4 ቢሊዮን በላይ ሰው ይኖራል፣ ያኩቲያ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ብቻ። የ2021 ቆጠራ 995,686 ይላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ይህ ሰው የት ነው ያለው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ስፋቱን ለሕዝቡ አካፍሎ “በሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር አንድ ሰው” ማለት ይቻላል። እኔ ግን ይህን ቁጥር አልወደውም፣ እዚያ እንደዚያ ተበታትኖ የሚኖር ሰው የለማ! ከሦስት ሰው አንዱ ያኩትስክ ከተማ ነው፣ 355 ሺህ ገደማ። ሌላው ትልቅ ክፍል በሌና፣ በአልዳንና በቪሉይ ወንዞች አካባቢ ባለው ሜዳ ላይ ይኖራል። እዚያ ሣር አለ። ሪፐብሊኳ ስሟን ያገኘችባቸው ነባር ሕዝቦች፣ ሳኻዎች፣ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ፈረስና ከብት አርቢዎች ናቸው፤ ድርቆሽ የሚታጨድበትን መሬት ተከትለው ሰፈሩ። ደቡቡና ምዕራቡ ማዕድን ነው፦ ኔርዩንግሪ በድንጋይ ከሰል፣ አልዳን በወርቅ፣ ሚርኒ በአልማዝ። ወደ ሰሜን ስትሄዱ፣ በተለይ ከአርክቲክ ክበብ በላይ ባለው 40 በመቶ ገደማ በሚሆነው ምድር፣ አንዱ መንደር ከሌላው በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል።

ጥያቄ፦ የሚበዙት ሩሲያውያን ናቸው ወይስ ሳኻዎች?

መልስ፦ አሁን ሳኻዎች። በ1989 ቆጠራ ሩሲያውያን 50 በመቶ፣ ሳኻዎች 33 በመቶ ነበሩ። በ2010 ተገላበጠ፦ ሳኻ 49.9፣ ሩሲያዊ 37.8። በ2021 ሳኻዎች ከግማሽ አልፈዋል። ማንም ማንንም አላባረረም። በሶቪየት ዘመን ከሩሲያም ከዩክሬንም ብዙ ሰው የሰሜን አበል (በብርዱ ሰሜን ለሚሠራ የሚከፈል ጭማሪ) ያለበት ደመወዝ ብሎ መጥቶ ነበር። ሶቪየት ሲፈርስ ደመወዙ ዋጋ አጣ፣ ሰዉም ጓዙን ጠቅልሎ ወደ መጣበት ተመለሰ። ለዚህ ነው ጠቅላላው ሕዝብ ዛሬም ከ1989ኙ የሚያንሰው። ኤቨንክ፣ ኤቨን፣ ዩካጊርና ዶልጋን የሚባሉ ጥቂት ቁጥር ያላቸው ነባር ሕዝቦችም አሉ።

ጥያቄ፦ “ሪፐብሊክ” ከተባለች የራሷ አገር ናት ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለችም። በሩሲያ ፌዴሬሽን ውስጥ ካሉ ክልሎች አንዷ ናት። ሪፐብሊክ የሚባሉት ከሌሎቹ የሚለዩት የራሳቸው ሕገ መንግሥትና ከሩሲያኛ ጎን የራሳቸው የመንግሥት ቋንቋ ስላላቸው ነው። እሷም በ1922 ራስ ገዝ ተባለች፣ በ1990 ሉዓላዊነት አወጀች፣ በ1992 ሕገ መንግሥት አጸደቀች። ምክር ቤቷ ኢል ቱመን ይባላል፣ 70 መቀመጫ አለው። ያኔ መሪዋ ፕሬዚዳንት ነበር። በኋላ ሞስኮ የክልል መሪዎች በዚህ ስም እንዳይጠሩ በሕግ ከለከለች፣ አሁን “የሪፐብሊኩ ኃላፊ” ነው የሚባለው። ከ2018 ጀምሮ አይሰን ኒኮላዬቭ ነው። ከእሱ በታች ኡሉስ የሚባሉ 34 ወረዳዎች አሉ፤ አንዳንዱ ብቻውን ከአውሮፓ አገር ይሰፋል። ስሙ ትልቅ ነው፣ ሥልጣኑ ግን ከ1990ዎቹ ጋር ሲነጻጸር በጣም ቀጥኗል።

ጥያቄ፦ የአልማዙ ገንዘብ ማን ኪስ ይገባል?

መልስ፦ የሩሲያን አልማዝ ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚያወጣው አልሮሳ የተባለ ኩባንያ ነው። ከአክሲዮኑ 33 በመቶው የፌዴራል መንግሥት፣ 25 በመቶው የሪፐብሊኩ፣ 8 በመቶው ደግሞ የስምንት ኡሉሶች ነው። ወረዳ የአልማዝ ባለአክሲዮን ሲሆን አስቡት! በፎቶ የምታዩት ግዙፍ ጉድጓድ በ1955 የተገኘው ሚር ነው፣ ከ500 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ከላይ መቆፈሩ በ2001 ቆሞ ሥራው ወደ ምድር ውስጥ ወረደ። በ2017 ውሃ ሰብሮ ገብቶ ስምንት ሠራተኞች ሞቱ፣ ማዕድኑም ተዘጋ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻው ብርድ ስንት ነው?

መልስ፦ ኦይሚያኮን በምትባል መንደር በ1933 ከዜሮ በታች 67.7 ተለክቷል። ቬርኾያንስክ የምትባል ከተማም የእኛ ይበልጣል ትላለች። እዚያው ቬርኾያንስክ በሰኔ 2020 ደግሞ 38 ዲግሪ ሙቀት ተመዘገበ። እኔን የሚገርመኝ ይሄኛው ነው።

ጥያቄ፦ መሬቱ በረዶ ከሆነ ፎቅ እንዴት ይቆማል?

መልስ፦ ከሥሩ ያለው አፈር ክረምት ከበጋ አይቀልጥም። ከላይ ያለው ስስ ሽፋን ብቻ ነው በበጋ የሚለሰልሰው። ያኩትስክ ውስጥ ሸርጊን የሚባል ነጋዴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ውሃ ፍለጋ 116 ሜትር አስቆፍሮ አሁንም በረዶ ላይ ነበር። ችግሩ የቤቱ ሙቀት ነው። ቤቱ መሬት ላይ ከተቀመጠ አፈሩን አቅልጦ ራሱ ይሰምጣል። ስለዚህ ሕንጻው በረዶው ውስጥ በተተከሉ ረጃጅም ምሰሶዎች ላይ ይነሣል፣ ከሥሩም ቀዝቃዛ አየር ያልፋል። የውሃና የማሞቂያ ቧንቧም ከመሬት በላይ ነው የሚዘረጋው።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ ጎርፍ የሚሰማው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ሌና ወደ ሰሜን ስለሚፈስ። በጸደይ ደቡቡ ቀድሞ ይቀልጣል፣ ሰሜኑ ገና ድንጋይ ነው። የተሰባበረው በረዶ እየተገፋ ሄዶ መንገድ ሲዘጋ ውሃው ወደ ኋላ ይሞላል። በ2001 ሌንስክ ከተማን ጠራርጎ ወስዶ እንደገና መሥራት አስፈልጓል።

ጥያቄ፦ ከሞስኮ በመኪና ወይም በባቡር ያኩትስክ መግባት ይቻላል?

መልስ፦ እስከ ሌና ወንዝ ማዶ ድረስ። የመንገደኛ ባቡር ከ2019 ጀምሮ በወንዙ ምሥራቅ ዳር ያለችው ኒዥኒ ቤስትያኽ ይደርሳል፣ መኪናውም እንዲሁ። ያኩትስክ ግን በምዕራቡ ዳር ናት። በበጋ ጀልባ መኪና ያሻግራል፣ በክረምት በረዶው ራሱ መንገድ ይሆናል። በረዶው ሲሠራና ሲሰበር ባሉት ሳምንታት መኪና አይሻገርም፣ ዕቃም በከተማዋ ይወደዳል። የድልድዩ ሥራ ተጀምሯል። እስኪያልቅ ቸኩላችሁ የምትሄዱ ከሆነ በአውሮፕላን ሂዱ፤ ከሞስኮ ስድስት ሰዓት ያህል ይበራል፣ ሰዓታችሁንም ስድስት ሰዓት ወደፊት ታዞራላችሁ።