ጎርፉ ሜዳ ላይ አልተወለደም፦ ስለ እርከን፣ ስለ ቦረቦርና ስለ ተፋሰስ ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል «ስለ ጎርፍና ስለ አፈር ጥበቃ የምትጠይቁት ካለ አምጡ» ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ መጣ። እኔ ደቡብ ጎንደርና ወሎ ውስጥ በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሙያ ብዙ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። ዕድሜዬ ያለቀው ውሃ ልክና ገመድ ይዤ ተዳፋት ላይ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ከፎገራ፦ ርብ ዘንድሮም ሞልቶ ሩዛችን ላይ ወጣብን። ወንዙን ግራና ቀኝ በአፈር ብንገድበው አይበቃም ወይ?

ለአንድ ሁለት ክረምት ይበቃ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ጣጣው ይብሳል። ምክንያቱን ልንገርህ።

ርብና ጉማራ ውሃቸውን የሚያመጡት ከጉና ተራራ አካባቢ ነው። ውሃው ከላይ ሲወርድ አፈር ይዞ ነው። ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይሞታል፤ የተሸከመውን ደለል እዚያው ያራግፋል። በዚህ የተነሳ የወንዙ ወለል ከድሮው ከፍ ብሏል። ከታች ደግሞ ጣና አለ። ነሐሴና መስከረም ላይ ሐይቁ ሲሞላ ወንዙ እንደ ልቡ መግባት ይከለከላል፣ ወደ ኋላ ይተኛል። እንግዲህ ዳር ዳሩን ስትገድብ ድሮ ሜዳው ላይ ይበተን የነበረው ደለል ወንዙ ውስጥ ይቀራል። ወለሉ ከፍ ሲል ግድቡንም ከፍ ማድረግ ነው። በመጨረሻ ወንዙ ከማሳህ በላይ ይሄዳል። ግድቡ የተጣሰ ለት የሚመጣው ሙላት አይደለም፣ ደራሽ ነው።

የአፈሩን ብዛት በቁጥር ልንገርህ። የስዊሱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በኢትዮጵያ ደጋ ከታረሰ መሬት በዓመት የሚታጠበውን አፈር በአማካይ በሄክታር 42 ቶን ብሎ ገምቶታል። ይህ 420 ኩንታል ነው። አንድ አይሱዙ 50 ኩንታል ቢጭን ከስምንት አይሱዙ በላይ አፈር ከአንድ ሄክታር በየዓመቱ ይሄዳል ማለት ነው። አባቶች «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ያሉት ለግንዱ ነው። አፈሩንም ማን ቆጠረው?

ስለዚህ ግድቡ ማስታገሻ ነው። ሥሩ ላይ፣ ማለትም ከላይ ደራና ፋርጣ ላይ ካልተሠራ እናንተ ታች ሆናችሁ የላይኛውን ሰው አፈር ስትዝቁ ትኖራላችሁ።

ከዚያው አካባቢ፦ ሩዙ ጠፍቷል። አሁን ምን ልዝራ?

ውሃው ሲሸሽ መሬቱ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በቀረው እርጥበት ሽምብራ፣ ምስር ወይም ጓያ ይሆናል። ጓያ ላይ ግን አደራ። ለብዙ ሳምንት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግር ያሽመደምዳል። የተራበ ቤት ደግሞ እሱኑ ነው የሚደጋግመው። ለቤት ሽምብራውን አስቀድሙ።

ደለሉን እየው። ስስና ጭቃ ከሆነ አብረህ እረሰው፣ ማዳበሪያ ማለት ነው። ከስንዝር በላይ አሸዋ ከሆነ ግን ሳይነሳ ማረስ ልፋት ነው። ከብቶቹንም አትርሳ፤ ውሃ የተኛበት ሣር የጉበት ትል ያመጣል፣ አባ ሰንጋና አባ ጎርባም ከጎርፍ በኋላ ይነሳሉ። ክትባት አስጠይቅ።

ከሰሜን ሸዋ፦ ከበላዬ ያለው ጎረቤቴ ፈሰሱን ወደ እኔ ማሳ ይለቀዋል። በየዓመቱ እንጣላለን። ማን ነው ጥፋተኛው?

ይህን ጥያቄ ስድስት ሰው ጠይቆኛል። ሁላችሁም «ታችኛው» ናችሁ! አንድም «እኔ ነኝ የምለቀው» ያለ የለም።

ጎረቤትህ ውሃው ጤፉን እንዳያጥበው በማረሻ አግድም ሰያፍ ፈሰስ ያወጣል። ራሱን ማዳኑ ነው፣ አልፈርድበትም። ችግሩ ፈሰሱ የሚያልቅበት ቦታ ነው። ድንበር ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ውሃ የማንም አይደለም። አንተም ወደ ታችኛው ታሳልፈዋለህ፣ እሱም ወደ መንገዱ። ሦስት ክረምት ቆይተህ ብታይ መንገዱ ቦረቦር ሆኗል። ፈሰሱ ሰያፉ ሲበዛ ደግሞ ራሱ ማረሻው የከፈተው መስመር ወደ ቦረቦር ይለወጣል።

መፍትሄው ከማሳዎቹ ሁሉ በላይ አንድ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ማውጣት ነው። የቦዩ ውሃ የሚወርድበት ደግሞ የጋራ መውረጃ ያስፈልጋል። መውረጃው ውሃ በተፈጥሮው የሚሰበሰብበት ረባዳ ላይ ይሁን፣ ሣር ይልበስ። ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ቦዩን ዘንድሮ ቆፍሮ መውረጃውን «ለከርሞ» ይላል። ተገላቢጦሽ ነው! መውረጃው አንድ ክረምት ቀድሞ ይሠራ፣ ሣሩ ሥር ይስደድ፣ ከዚያ ውሃው ይለቀቅበት።

መውረጃው በማን መሬት ይለፍ የሚለው ነው ሰው የሚያጣላው። እኔ ያየሁት የሠራ ዘዴ ሽማግሌ አስቀምጦ መሬቱ ለተወሰደበት ሰው የመውረጃውን ሣር ሙሉ በሙሉ መስጠት ነው። ሣር ዛሬ ገንዘብ ነው። ፍርድ ቤት ግን አትሂዱ፤ ቀጠሮው ሳያልቅ መሬቱ ያልቃል።

ከደቡብ ወሎ፦ መንደራችን ቦረቦር ላይ የድንጋይ ክትር ሠራን። በአንድ ሌሊት ዝናብ ሄደ። ምን አጠፋን?

አይዞህ፣ እኔም የመጀመሪያዬ ሄዶብኛል። ያውም ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የተሞላበት የሽቦ ሳጥን ነበር። ሃያ ምናምን ሰው አሥር ቀን የለፋበት። ጠዋት ስንሄድ ጋቢዮኑ ቆሟል፣ ውሃው ግን በጎኑ ዞሮ አዲስ ቦረቦር ቆፍሯል። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ በሩን ዘግተህ ግድግዳውን ረሳኸው» አሉኝ። ያንን ቀን አልረሳውም።

ክትር የሚሄደው በሦስት መንገድ ነው፦ በጎኑ፣ በእግሩ ሥር ወይም በአናቱ። ለጎኑ ድንጋዩ ግራና ቀኝ ወደ ግድግዳው ተቆፍሮ ይግባ። ለአናቱ መሐሉን ከጎኖቹ ዝቅ አድርገው፣ ውሃው በመሐል ይለፍ። ለእግሩ ከታች በኩል ውሃው የሚወድቅበትን በድንጋይ አንጥፍለት። ይህን ሦስተኛውን ነው ሁሉም የሚዘለው።

ርቀቱም አለ። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል ይሁን። የቦረቦሩ ወለል 10 በመቶ ተዳፋት ከሆነና ክትሩ 1 ሜትር ከሆነ በየ10 ሜትሩ ማለት ነው። ከሁሉ በፊት ግን ከቦረቦሩ ራስ በላይ ያለውን ውሃ ቀልብሱት። ውሃው ሳይቀነስ የተሠራ ክትር ድንጋይ ለጎርፍ ማቀበል ነው።

ፋንያ ጁ የሚባለው እርከን ምን ማለት ነው? ለምን ወደ ላይ ይጣላል?

ስዋሂሊ ነው፤ የመጣው ከኬንያ ነው። አፈሩን ከቦዩ ወደ ላይ ትወረውራለህ። ከላይ የሚታጠበው አፈር ካቡ ጋር እየተከማቸ መሬቱ በራሱ ጊዜ ጠፍጣፋ እርከን ይሆናል። ምዕራብ ጎጃም አንጀኒ በ1978 ዓ.ም. የተሠራውን ያየ ሰው ይገባዋል። ጉዳቱ ድካሙ ነው። አፈር ወደ ላይ መወርወር ቀልድ አይደለም።

እርከን መሬቴን ይበላብኛል። አይጥም ያራባብኛል። ውሸት ነው?

እውነት ነው። የግብርና ባለሙያ «ምንም ጉዳት የለውም» ካለህ አትመነው። በ10 በመቶ ተዳፋት ላይ በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር የያዘ እርከን ከማሳህ አንድ አሥረኛውን ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርቱ ሊቀንስብህ ይችላል። በሬም መዞሪያ ያጣል። ስለዚህ የተወሰደውን መልሰህ ብላው፦ እርከኑ ላይ ዝሆኔ ሣር ወይም ደሾ ትከል። ደሾ የራሳችን ሣር ነው፣ ስሙን ያወጣው ጋሞ ጨንቻ ላይ ነው። ላም ያለው ሰው ሣር የበቀለበትን እርከን አያፈርስም፣ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

አይጡን በተመለከተ የድንጋዩን ክፍተት በአፈር ሙሉ፣ ባዶ ካብ አትተዉ። ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ገደል ማረስ በሕግ ክልክል ነው ይባላል። እውነት ነው?

የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ እንዲውል ደንግጎ ነበር። ከ31 እስከ 60 በመቶ ባለው ላይ ዓመታዊ ሰብል ይፈቀድ የነበረው ጠረጴዛማ እርከን ከተሠራ ነው። ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። 60 በመቶና 60 ዲግሪ ግን አይምታታባችሁ። 60 በመቶ ማለት 100 ሜትር አግድም ስትሄድ 60 ሜትር መውጣት ነው፤ በዲግሪ 31 ገደማ ነው። ብዙ የሚታረስ ዳገት ከዚህ በላይ ነው፣ ሁላችንም እናውቃለን። ሌላ መሬት ለሌለው ወጣት ሕጉን ማንበብ ብቻውን እንጀራ አይሆንም።

ችግኝ ብዙ ተክለናል። ጎርፉ ለምን አልቀነሰም?

ጎርፍን መጀመሪያ የሚይዘው ዛፉ ሳይሆን መሬቱ ላይ ያለው ሣርና ቅጠል ነው። ባዶ ዳገት ላይ ባሕር ዛፍ ተክላችሁ ቅጠሉን ለማገዶ ከጠረጋችሁት፣ ከሥሩ ያለው መሬት ከእርሻ የተሻለ ውሃ አይዝም። እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ዳገቱን ከከብት ከልሉ። ብዙ ቦታ ሣሩ ማንም ሳይተክለው ይመጣል። ከዚያ ትሬንች፣ ማለትም ውሃ የሚይዝ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ችግኙ የመጨረሻው ነው።

ከሐረርጌ፦ በእኛ ላይ ሳይዘንብ ጎርፍ ይመጣል። እንዴት እናውቃለን?

የድሬዳዋን የ1998 ክረምት የሚያስታውስ ያስታውሳል። የደቻቱ ወንዝ በሌሊት መጣ፣ ሰው በተኛበት ከ250 በላይ ሕይወት ጠፋ። ውሃው የመጣው ከላይ ከደጋው ነው። እናንተ ደረቅ የአሸዋ ወንዝ አጠገብ ከሆናችሁ ሰማያችሁን ሳይሆን የደጋውን ሰማይ እዩ። እላይ ያለ ዘመድ ስልክ እንዲደውል ተስማሙ። ዋጋው የአንድ ጥሪ ነው። ወንዙ አሸዋ ላይ ግን ከብት አታሳድሩ።

በየዓመቱ ጥር ላይ ለእርከን ሥራ ዘመቻ እንወጣለን፣ ክረምት ላይ ይፈርሳል። ሰልችቶናል።

አልፈርድባችሁም። ሪፖርት የሚጻፈው በአዲስ ኪሎሜትር ነው፣ የተጠገነ እርከን ማንም አይቆጥረውም። ለእኔ ትልቁ በሽታችን ይህ ነው። ኮንሶን እዩ። የድንጋይ እርከናቸው በ2003 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ አንዳንዱ ካብ 5 ሜትር ይደርሳል፣ ዕድሜው ከ400 ዓመት በላይ ነው። ድንጋዩ የተለየ ሆኖ አይደለም። በየትውልዱ የወደቀውን የሚያነሳ ሰው ስላለ ነው። ትግራይ ውስጥ አብርሃ ወአጽብሃ የምትባለው ቀበሌም በ2012 እ.ኤ.አ. የኢኳቶር ሽልማት ያገኘችው በአንድ ዘመቻ አይደለም። ልቅ ግጦሽ ከልለው፣ ዓመት ከዓመት ሠርተው የጉድጓዳቸውን ውሃ መለሱት።

ለቀበሌያችሁ ይህን አቅርቡ፦ ዘንድሮ አዲስ አንሠራም፣ ያለውን እንጠግናለን። እምቢ ይሏችኋል። ደግማችሁ አቅርቡ።

ከሜሪላንድ፦ ለትውልድ መንደሬ ገንዘብ ልልክ እፈልጋለሁ። ለችግኝ ይሁን?

እህቴ፣ ለችግኝ አይሁን። ድንጋይና ጉልበት መንደሩ አለው። የጎደለው የጋቢዮን ሽቦ፣ ዶማ፣ አካፋ፣ መዶሻና ውሃ ልክ ነው። ባለ 2 ሜትር አንድ ጋቢዮን፣ ወርዱና ቁመቱ 1 ሜትር ከሆነ፣ 2 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይጠጣል፤ ሽቦውን ግዢ፣ ድንጋዩን እነሱ ይልቀሙ። ግማሹን ዘንድሮ ላኪ፣ ግማሹን ለከርሞ ጥገና ያዢው።

መቼ ልጀምር?

ብዙው ሰው ጥር ላይ ይላል። እኔ ዛሬ እላለሁ፣ ዝናቡ ሳያቆም። ጃንጥላና አሥር ችካል ይዘህ ዝናብ እየዘነበ ማሳህን ዙር። ውሃው የሚገባበት፣ የሚሰበሰብበትና የሚወጣበት ላይ ችካል ትከል። ጥር ላይ መሬቱ ደርቆ ሁሉም አንድ ይመስላል፣ ገመድ ይዞ የሚመጣውም ባለሙያ ይገምታል እንጂ አያየውም። ችካሉን አሳየው።