ሰው አልባ የወንዝ መሻገሪያ ጀልባና የአሜሪካ መንግሥት የምርምር ገንዘብ፦ ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ የሚኖሩ መሐንዲሶችና የአነስተኛ ኩባንያ ባለቤቶች የሆኑ ወገኖቻችን፣ ጦር ሠራዊት ወንዝ ስለሚሻገርባቸው ሰው አልባ ጀልባዎችና ለዚህ ምርምር ስለሚሰጠው የመንግሥት ገንዘብ የላኳቸውን ጥያቄዎች እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ይህ ገንዘብ ብድር ነው ወይስ ስጦታ?

መልስ፦ ሁለቱም አይደለም። ኤስቢአይአር በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የአነስተኛ ኩባንያዎች የፈጠራ ምርምር ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1982 ፕሬዚዳንት ሬገን በፈረሙት ሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ ከራሳቸው ውጭ ባሉ ድርጅቶች ለሚካሄድ ምርምር ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ በጀት ያላቸው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ቢያንስ 3.2 በመቶውን ለአነስተኛ ኩባንያዎች እንዲመድቡ ያስገድዳል። መንግሥት ከድርጅትዎ አክሲዮን አይወስድም። መከላከያ ሚኒስቴሩ ግን ገንዘቡን የሚሰጠው በአብዛኛው በኮንትራት ስለሆነ፣ የተዋዋሉትን ሥራ በቀኑ የማስረከብ ግዴታ አለብዎት።

ጥያቄ፦ ድሮን በየቦታው በሚበርበት ዘመን ሠራዊቱ ስለ ወንዝ ይህን ያህል የሚጨነቀው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ታንክን በድሮን ማሻገር ስለማይቻል ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 የሩሲያ ኃይሎች በምሥራቅ ዩክሬን ቢሎሆሪቭካ አጠገብ የሲቨርስኪ ዶኔትስን ወንዝ ለመሻገር ሲሞክሩ፣ ተንሳፋፊ ድልድያቸውና በርካታ የታጠቁ ተሽከርካሪዎቻቸው በመድፍ ተደብድበው ወድመዋል። ማቋረጫ ቦታ ላይ ሰውና ተሽከርካሪ በጠባብ ስፍራ ይከማቻል፤ ጠላትም ይህን አጥብቆ ይጠብቃል። የአሜሪካ ሠራዊት ተንሳፋፊ ድልድይ ክፍሎች በከባድ መኪና ተጭነው ይመጡና ውኃ ላይ ሲወርዱ ይዘረጋሉ፤ ከዚያ ግን በሰው የሚነዱ ጀልባዎች እየገፉ ያቀራርቧቸዋል፣ ወታደሮችም ላያቸው ላይ ቆመው ያገጣጥሟቸዋል። የምርምሩ ዓላማ እነዚህን ልጆች ከዚያ ቦታ ማንሳት ነው፤ እኔም ይህን ሥራ ከልቤ የምደግፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ኩባንያችን በሐይቅ ላይ ራሱን የሚነዳ ጀልባ ሠርቶ ሞክሯል። ይህን ይዘን ብናመለክት በቂ አይሆንም?

መልስ፦ ጥሩ መነሻ ነው፤ በቂ ግን አይደለም፤ ብዙ ማመልከቻዎችም የሚደክሙት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ስለ ጀልባው በስፋት ጽፈው ስለ ወንዙ ምንም ሳይሉ ያልቃሉ።

ወንዝ መሐል ላይ ይፈጥናል፣ ዳርቻው ላይ ይዘገያል፤ ስለዚህ ወርዱ ሰፊ የሆነ የድልድይ ክፍል የሚገፋ ጀልባ ከአንዱ ጫፍ የሚያገኘው ግፊት ከሌላው ይለያል። ክፍሉ ከጀልባው ጋር ሲያያዝ ክብደቱም፣ ውኃው የሚገፋው ገጽም ይቀየራል፤ ሌላ ክፍል በተጨመረ ቁጥር ደግሞ እንደገና ይቀየራል። ለብቻው በሚጓዝ ጀልባ ላይ የተስተካከለ መቆጣጠሪያ ይህን ካላወቀ ከመስመሩ ይወጣል።

የማየት ችግርም አለ። በመኪና ላይ የለመድነው ሊዳር (በሌዘር ርቀትን የሚለካ መሣሪያ) የሚጠቀምበት ጨረር በውኃ ይዋጣል ወይም ወደ ሌላ አቅጣጫ ይንጸባረቃል እንጂ የወንዙን ወለል አያሳይም። አረንጓዴ ሌዘር ንጹሕ ውኃን ሰንጥቆ ይገባል፤ በደፈረሰ ጎርፍ ግን አቅም ያጣል። ጂፒኤስ በጦር ሜዳ እንደሚታፈን አስቀድሞ መገመት አለበት።

ወንዙ ራሱም ባለበት አይቆይም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1995 የአሜሪካ መሐንዲሶች ወደ ቦስኒያ ለመግባት የሳቫን ወንዝ በተንሳፋፊ ድልድይ ሲያገናኙ፣ ወንዙ ሞልቶ የሰፈሩበትን ቦታ አጥለቀለቀው፤ የሚሻገሩትም ስፋት ከታሰበው እጅግ በለጠ። ድልድዩ የተከፈተው በወሩ የመጨረሻ ቀን ነው። እንዲህ ባለ ቀን የእርስዎ ሥርዓት ምን እንደሚያደርግ ማመልከቻው በግልጽ መናገር ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ እኔ ግሪን ካርድ አለኝ፤ ሸሪኬ ጥገኝነት ተፈቅዶለት ግሪን ካርዱን እየጠበቀ ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜም ሶፍትዌሩን ሊጽፍልን ይፈልጋል።

መልስ፦ ከኩባንያው ድርሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በዜጎች ወይም በቋሚ ነዋሪዎች እጅ መሆን አለበት፤ የሠራተኛው ቁጥርም ተጓዳኝ ድርጅቶችን ጨምሮ ከ500 መብለጥ የለበትም። የሸሪክዎ ድርሻ ግሪን ካርዱ እስኪመጣ ድረስ በዚህ ስሌት አይቆጠርም፤ በጦር መሣሪያ ወጪ ንግድ ደንብ ግን ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው እንደ አሜሪካዊ ስለሚታይ ቴክኒካዊ መረጃውን ሊያይ ይችላል። የወንድምዎ ጉዳይ ከባድ ነው። ምርምሩ በአሜሪካ ውስጥ መከናወን አለበት፤ በዚህ ደንብ የተያዘን መረጃ በኢሜይል መላክ ደግሞ ዕቃ ወደ ውጭ ከመላክ እኩል ፈቃድ ይጠይቃል። ሳያስቡት እንዳይሳሳቱ አደራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ገንዘቡ ስንት ነው? የፈጠራው ባለቤትስ ማን ይሆናል?

መልስ፦ ፕሮግራሙ ሦስት ምዕራፎች አሉት። የመጀመሪያው ምዕራፍ ሐሳቡ የሚሠራ መሆኑን የሚያሳዩበት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ገደማ ሲሆን በሠራዊቱ በኩል እስከ 250,000 ዶላር ይሰጥበታል። ሁለተኛው ናሙናው የሚሠራበት ሲሆን ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ ይችላል። ሦስተኛው ምዕራፍ ከፕሮግራሙ ገንዘብ የለውም፤ ሆኖም መንግሥት ምርትዎን ያለ አዲስ ውድድር እንዲገዛ ሕጉ ይፈቅዳል። ፈጠራው የእርስዎ ነው፤ ያስረከቡት ቴክኒካዊ መረጃም ለ20 ዓመት ይጠበቃል። ይህ ጥበቃ የሚጸናው ግን በሰነዱ ላይ የታዘዘውን ምልክት ካደረጉ ነው።

ጥያቄ፦ ከየት እንጀምር?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ሕግ ፕሮግራሙን ያራዘመው እስከ መስከረም 30 ቀን 2025 ስለነበር፣ በሚያመለክቱበት ጊዜ የጸናውን ሕግ አስቀድመው ያረጋግጡ። በፌዴራል መንግሥት የኮንትራክተሮች መዝገብ መመዝገብ ነጻ ነው፤ እናስመዝግብልዎ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ አይክፈሉ። ሠራዊቱ መፍትሔ የሚፈልግባቸው የምርምር ርዕሶች ለማመልከቻ ከመከፈታቸው በፊት ለጥቂት ጊዜ ለንባብ ይወጣሉ፤ ርዕሱን የጻፈውን ባለሙያ በቀጥታ ማነጋገር የሚቻለው ያኔ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ የውኃው ፍጥነት፣ ጥልቀቱና የዳርቻው ተዳፋት ምን ያህል ሆኖ እንደታሰበ ጠይቁና፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ በዚያ ፍጥነት አንድ የድልድይ ክፍል ይዞ በቦታው የሚቆም ጀልባ ለማሳየት ብቻ ቃል ግቡ።