ሳይጠሩ ሠረገላ ላይ መውጣት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ሁሉም የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ እምነትን ለሌላ ሰው ማካፈል። ከዘጌ፣ ከባሕር ዳር ቀበሌዎችና ከዩኒቨርሲቲው ግቢ የመጡ ናቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥሬአለሁ፤ ስም አላወጣሁም። የምመልሰው እንደ አንድ ኦርቶዶክሳዊ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ መሆኑን አስቀድሜ ልናገር።

«ዘጌ አስጎብኚ ነኝ። እንግዶችን ከባሕር ዳር በጀልባ አምጥቼ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አሳያለሁ። ብዙዎቹ ሥዕሎቹ የያዙትን ታሪክ ጭራሽ አያውቁትም። አጋጣሚውን ለስብከት ልጠቀምበት? ጓደኞቼ ‹ሥራህን ሥራ› ይሉኛል።»

ጓደኞችህ በከፊል ልክ ናቸው። እንግዳው የከፈለህ እንድታስጎበኘው ነው። ግን እዚያ መቅደስ ግድግዳ ፊት ቆሞ ማስጎብኘትና ወንጌልን መናገር ፈጽሞ አይነጣጠሉም። አንድ የብራና መጽሐፍ የስንት ፍየልና በግ ቆዳ በሚፈጅበት ዘመን፣ ፊደል ላልቆጠረው ምእመን ያስተምር የነበረው ይኸው ግድግዳ ነው። አንተ አሁን የምትሠራው ያንኑ የቆየ ሥራ ነው።

እንዴት እንደምትሠራው ለማየት የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን ቀስ ብለህ አንብብ። የእኛው ሰው፣ ጃንደረባው፣ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰና መጀመሪያ አዳመጠ። ቀጥሎ «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ብሎ ጠየቀ። ሰውየው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለና ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። ፊልጶስ ሠረገላው ላይ የወጣው ተለምኖ ነው! ትምህርቱንም የጀመረው ሰውየው ከከፈተው ቦታ፣ ዛሬ ኢሳይያስ 53 ከምንለው ክፍል ነው። እኛ ግን ሳንጠራ እንወጣለን፤ ከወጣን በኋላም የሰውየውን መጽሐፍ ዘግተን የራሳችንን እንገልጣለን።

ስለዚህ እንግዳህ ወደ ግብጽ የተደረገው ስደት ሥዕል ፊት ቆሞ «ይህ ምንድን ነው?» ካለህ፣ ማቴዎስ 2፥13-15ን በሚገባው ቋንቋ ከስልክህ አንብብለት። ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል ሲፈልግ ዮሴፍ እናትና ልጁን ይዞ በሌሊት ሲሸሽ ይሰማል። ከዚያ ዝም በል። ሌላ ከጠየቀ ቀጥል፤ ወደሚቀጥለው ሥዕል ካለፈ አብረኸው እለፍ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከመጽሐፍ ቅዱስ የሆነውንና ከሌላ የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ወይም ከትውፊት የሆነውን ለይተህ ንገር። የበላዔ ሰብእ (የሰው በላው ሰው) ታሪክ ከተአምረ ማርያም ነው፤ ወንጌል ውስጥ ፈልጎ የሚያጣው እንግዳ የነገርከውን ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል። እመቤታችን በስደቷ ጣና ቂርቆስ ዐረፈች የሚለውም የኛ የጣና ሰዎች የከበረ ትውፊት ነው፤ ማቴዎስ የሚናገረው ስለ ግብጽ ብቻ ነው። «ይህ ትውፊታችን ነው» ብትል ክብሩ አይቀንስም። የሥዕሉን ሕግም ንገራቸው፦ ደጋጎቹ ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ክፉዎቹ ደግሞ በጎን ሆነው በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይህን ሲሰሙ ሰቃዮቹን ራሳቸው መፈለግ ይጀምራሉ፤ አንተ ብዙ ማውራት አይጠበቅብህም። (ቲፕ ሊሰጡህ ኪሳቸው ሲገቡ ግን ስብከት አትጀምር። ያስተውላሉ።)

«ባጃጅ እነዳለሁ። ቀኑን ሙሉ ስብከትና መዝሙር እከፍታለሁ። አንዳንድ ተሳፋሪ ‹ቀንሰው› ይለኛል። ልቀንስ ወይስ ልጽና?»

ቀንሰው። ሰውየው የተሳፈረው ቀበሌ 14 ለመድረስ ነው፤ ከባጃጅ ደግሞ ወርዶ ማምለጥ አይችልም። ሉቃስ 3 ላይ ቀራጮች መጥምቁ ዮሐንስን «ምን እናድርግ?» ሲሉት የመለሰላቸው ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ ብሎ ነው። ዝናብ ሲጥል በታሪፉ የሚጭን ባለ ባጃጅ ስፒከር አያስፈልገውም።

«የዶርም ጓደኛዬ ወንድሙን ካጣ ወዲህ ‹እግዚአብሔር የት ነበር?› ይላል። ሮሜ 8፥28ን ጠቀስኩለት። ተቆጥቶ ሁለት ቀን አላናገረኝም። ምን አጠፋሁ?»

«እግዚአብሔርን ለሚወዱት ነገር ሁሉ ለበጎ ነው» የሚለው ቃል እውነት ነው፤ ጊዜው ግን አልነበረም። በዚህ ክልል ባለፉት ዓመታት ሐዘን ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው፤ ጥያቄህም የአንተ ብቻ አይደለም፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

የኢዮብን ሦስት ወዳጆች አስታውስ። ሰዎቹን ሁልጊዜ እንነቅፋቸዋለን እንጂ መጀመሪያ ያደረጉት ትክክል ነበር። ምዕራፍ 2 መጨረሻ ላይ ሕመሙ እጅግ እንደበረታ ስላዩ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፤ አንዳቸውም ቃል አልተናገሩም። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ከተናገሩት ውስጥ ብዙው ለብቻው ሲነበብ መልካም ትምህርት ይመስላል። ይሁንና ምዕራፍ 42 ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው፤ ሲጮህና ሲሟገት የነበረውን ኢዮብን ግን ቅን ተናግሯል አለ። ጓደኛህ «የት ነበር?» ሲል እምነቱን ጥሏል ብለህ አትቸኩል። የሌለ አካል የት ነበር ተብሎ አይጠየቅም።

ለቅሶ ቤት እንዴት እንደምንቀመጥ ታውቀዋለህ። ደራሽ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ንፍሮ ይቀምሳል፣ «እግዜር ያጥናህ» ብሎ ይወጣል። ማንም የወንድምህ ሞት ለበጎ ነው ብሎ አያስረዳም። ያ ልማድ ዶርም ስንገባ ለምን እንደሚጠፋን አላውቅም።

አሁን ይቅርታ ጠይቀው፤ ከዚያ ስለ ወንድሙ እንዲያወራህ ጠይቀው። አንድ ቀን «አንብብልኝ» ካለህ ወይም ራሱ ጥያቄውን ካነሣ፣ መዝሙር 88ን (በዳዊታችን 87) አንብቡ። ከመዝሙሮቹ ሁሉ ምናልባት ከባዱ ነው፤ እስከ መጨረሻው መጽናኛ የለበትም፤ ሆኖም ጸሎት ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስም ሳይቆርጥ ይዞታል። ቀጥሎ ዮሐንስ 11። ጌታ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። ሮሜ 8 ይቆይ፤ ራሱ የሚደርስበት ቀን ሊመጣ ይችላል።

«ታናሽ እህቴ ፕሮቴስታንት ሆናለች። ፋሲካን ቤተሰብ ተሰብስቦ ስናከብር እኔና እሷ በጥቅስ ስንወራወር እናታችን አለቀሰች። እንዴት ነው የማስረዳት?»

ቢያንስ ፋሲካችሁ አንድ ቀን ላይ ዋለ፤ ይህን እንደ ቀላል አትዪው፤ በብዙ አገር እንዲህ አይደለም።

እህቴ፣ እኔም ብትመለስ ደስ ይለኛል። ነገር ግን በጥቅስ ተረትቶ የተመለሰ ሰው እስካሁን አላየሁም፤ ተረትቶ ቤት መምጣት ያቆመ ግን አይቻለሁ። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ 81፣ የእነሱ 66 መጻሕፍት አለው በሚለው ክርክርም አትጀምሪ። አዲስ ኪዳኑን 27 መጽሐፍ ሁለታችሁም ትቀበሉታላችሁ፤ ለብዙ ዓመት የሚበቃ ንባብ ነው።

ይልቅ «የዮሐንስን ወንጌል አብረን እናንብብ» በያት። 21 ምዕራፍ ነው፤ በሳምንት አንድ ቢሆን አምስት ወር አይሞላም። አንድ ስምምነት አድርጉ፦ የዕለቱ ምዕራፍ ምን እንደሚል ብቻ እንጂ ወደ ሌላ መጽሐፍ ዘልሎ ጥቅስ ማምጣት የለም። ምዕራፍ 3 ላይ ስለ ውኃና መንፈስ ትንሽ ትነካካላችሁ። ምዕራፍ 6 ላይ ስለ ሥጋውና ደሙ ሲደርስ በእርግጠኝነት ትጋጫላችሁ። ከአሁኑ እወቂው። ያን ቀን ጥያቄያችሁን ጻፉና አንቺ ወደ ንስሐ አባትሽ፣ እሷም ወደ አስተማሪዎቿ ውሰዱት፤ ከዚያ ምዕራፍ 7ን ቀጥሉ። ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት የጌታ ባሪያ ሊጣላ አይገባውም ይላል። ከዚህ ትእዛዝ ነፃ የሚያወጣ የታላቅነት መብት የለም። ደግሞ ስትጠሪያት በስሟ ጥሪያት፤ የሰፈሩን ቅጽል ስም ለሰፈሩ ተይለት።

«የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ክፍለ ጊዜዬን ከመጀመሬ በፊት አምስት ደቂቃ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ብነግራቸው ምን ችግር አለው?»

መምህር፣ አያድርጉት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲካሄድ ያዛል፤ አንቀጽ 27 ደግሞ ልጆችን በእምነታቸው የማሳደግ መብት የወላጆች መሆኑን ይናገራል። ሕጉ ባይኖር እንኳ ማርክ የሚሰጠውን ሰው ተማሪ «አልሰማም» ማለት አይችልም። እሑድ ግን የሚያስተምር ሰው ያጠራቸው ሰንበት ትምህርት ቤቶች አሉ። ይምጡልን።

«አያቴ ‹ቃሉ በግእዝ ካልሆነ አይረዳም› ይላሉ። በአማርኛ ላነብላቸው ስል አይፈቅዱም።»

አያትህን አትከራከራቸው። ይልቅ የኔታ ግእዙን ካዜሙ በኋላ ምሥጢሩን የሚያብራሩት በምን እንደሆነ ጠይቃቸው። አንድምታው እኮ በአማርኛ ነው! መላውን መጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ ወደ አማርኛ የመለሰውም የጎጃም ሰው ነው፤ አቡ ሩሚ ይባላል። ከ200 ዓመት በፊት ካይሮ ተቀምጦ ሠራው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1840 ሙሉው ታተመ። «የአገርዎ ሰው ያስተረፈልን ነው» ብትላቸው የሚለሰልሱ ይመስለኛል። ካልሆነ ዳዊቱን እሳቸው በግእዝ ይድገሙ፣ አንተ በአማርኛ አስከትል።

«የሥራ ባልደረባዬ ራሱ ‹መጽሐፍ ቅዱስ ስጠኝ› አለኝ። ከየት እንዲጀምር ልንገረው?»

ከማርቆስ። 16 ምዕራፍ ነው፤ ድምፅ አውጥቶ ቢያነበው እንኳ ሁለት ሰዓት አይፈጅበትም። ከማቴዎስ ከጀመረ የትውልዱ ሐረግ መሐል ይደክመዋል፤ ከዘፍጥረት ከጀመረ ዘሌዋውያን ላይ ትጠፉበታላችሁ። ሙሉውን ስጠው፤ ክሩን ግን ማርቆስ ላይ አድርግለት። ሳምንት ቆይተህ ጨረስከው ወይ ብለህ አትፈትነው፤ ምኑ እንደገረመው ወይም ምኑ እንዳልተዋጠለት ጠይቀው። የማታውቀውን ከጠየቀህ «ጠይቄ እመጣለሁ» በለውና በእርግጥ ጠይቀህ ሂድ።

ስለ ጾም የመጡትን ጥያቄዎች ለሚቀጥለው ሳምንት አቆይቻቸዋለሁ።