ግፊቱ የት ይሂድ? ስለ ሮማኔስክና ጎቲክ አብያተ ክርስቲያናት የአንባቢዎቻችን ጥያቄዎች

በዚህ ዕትም ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ስለ መካከለኛው ዘመን የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት የተላኩትን አምስቱን መርጠናል። ሮማኔስክና ጎቲክ የዚያ ዘመን ሁለት የግንባታ ስልቶች ናቸው፤ ሮማኔስክ ቀዳሚው፣ ጎቲክ ተከታዩ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር ከባለቤቴ ጋር ወደ ጀርመንና ፈረንሳይ እንጓዛለን። አንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ሮማኔስክ ይሁን ጎቲክ በምን እንለየዋለን? ቅስቱ ክብ ከሆነ ሮማኔስክ፣ ሹል ከሆነ ጎቲክ የሚባለው ይበቃል ወይ?
ተጓዥ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አይበቃም። በእንግሊዝ በ1093 የተጀመረው የዱራም ካቴድራል ጣሪያው ባለ ጎድን ነው፤ ከሥሩ ቀጫጭን የድንጋይ ቅስቶች እንደ ጎድን አጥንት ተዘርግተውለታል፤ አዳራሹን ከግራ ወደ ቀኝ የሚሻገሩት ትልልቅ ቅስቶችም ሹል ናቸው። ሕንፃው ግን ሮማኔስክ ነው። ስለዚህ ቅስቱን ከማየትዎ በፊት «ይህን የድንጋይ ጣሪያ የተሸከመው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ግድግዳው ራሱ ከተሸከመው ሮማኔስክ ውስጥ ነዎት። ምሰሶና ከውጭ የቆመ ድጋፍ ተጋግዘው ተሸክመውት ግድግዳው ለመስታወት ከተለቀቀ ደግሞ ጎቲክ ውስጥ ነዎት።

ሳይገቡ በፊት ሕንፃውን በውጭ አንድ ጊዜ ይዙሩት። በጀርመን የሽፓየርን ካቴድራል ንጉሥ ኮንራድ 2ኛ በ1030 ገደማ አስጀመረው። የልጅ ልጁ ሄንሪ 4ኛ ደግሞ በ1080ዎቹ የዋናውን አዳራሽ የእንጨት ጣሪያ አስነሥቶ በድንጋይ ቅስት አስተካው። ጫፉ 33 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ያን ክብደት ለመሸከም ግንበኞቹ ከነባሮቹ ምሰሶዎች እያንዳንዱን ሁለተኛ መርጠው በላዩ ተጨማሪ ዓምድ ለጠፉበት። ውስጥ ሲገቡ አንዱ ምሰሶ ወፍራም፣ ቀጣዩ ቀጭን እየሆነ ሲፈራረቅ ያገኙታል። መስኮቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ጠርዛቸውን ሲያዩ የግድግዳው ውፍረት ፍንትው ብሎ ይታያል።

ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ማየት ከፈለጉ በፈረንሳይ ቡርጎኝ አውራጃ ወደምትገኘው ወደ ቬዝሌ ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ፤ እኛ ከሁሉም የምናስቀድማት እሷን ነው። አዳራሿ በ1120 ከደረሰ ቃጠሎ በኋላ የተሠራ ሮማኔስክ ሲሆን መቅደሱ ያለበት የምሥራቁ ጫፍ ከዚያ በኋላ የተጨመረ ጎቲክ ነው። አዳራሹ መሀል ቆመው የግራና የቀኙን ግድግዳ ከታች ወደ ላይ በዓይንዎ ይከተሉ፤ ወደ ውጭ እንደተለጠጡ በግልጽ ያያሉ። ግድግዳውን የገፋው ጣሪያው ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የኮሎኝ ካቴድራል በ1248 ቢጀመርም ማማዎቹ ያለቁት በ1880 ነው። የኡልም 161 ሜትር ማማም በ1890 ነው ያለቀው። ፎቶግራፍ ያነሡት ድንጋይ በሙሉ የመካከለኛው ዘመን አይደለም።

ጥያቄ፦ የአርክቴክቸር ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሹል ቅስት ግፊት እንደሚቀንስ ተምረናል፤ ለምን እንደሚቀንስ ግን አልገባኝም።
ከሐዋሳ

መልስ፦ መጀመሪያ ግፊት ምን እንደሆነ በእጅሽ ሞክሪው። ሁለት ወፍራም መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት አስተኚ። 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የካርቶን ቁራጭ አጉብጠሽ እግሮቹ መጻሕፍቱን እንዲነኩ መሀላቸው አስገቢና አናቱን በጣትሽ ጫን አድርጊው። አንቺ ቁልቁል እየገፋሽ መጻሕፍቱ ወደ ጎን ይንሸራተታሉ። አሁን በ24 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ድገሚው። ይኼኛው ዝቅ ያለ ጉብታ ስለሚሠራ በዚያው ጣት ሲጫን መጻሕፍቱን የበለጠ ይገፋል። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፦ ስፋቱና ጭነቱ እኩል ሆኖ ቅስቱ ከፍ ባለ ቁጥር ወደ ጎን ያለው ግፊት ይቀንሳል። 10 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቅስት ከፍታው የግድ 5 ሜትር ነው። በዚያው ስፋት ሹል ቅስት ሠርተሽ 7 ሜትር ብታደርሺው ግፊቱ ወደ አምስት ሰባተኛ ገደማ ይወርዳል። የተጨመረው ድንጋይ ክብደት ስላለው ትርፉ ከዚህ ትንሽ ያነሰ ነው። ግፊቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ይህን አትርሺ።

ሁለተኛው ምክንያት የጂኦሜትሪ ነው፤ ለግንበኞቹ ከመጀመሪያው የበለጠ የጠቀማቸው ይኼ ይመስለናል። በአራት ምሰሶዎች መካከል ያለ አንድ ክፍል 12 በ6 ሜትር ነው እንበል። በክብ ቅስት ብቻ ከሠራሽው በሰፊው በኩል ያለው 6 ሜትር፣ በጠባቡ በኩል ያለው 3 ሜትር፣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚሻገረው 6.7 ሜትር ይነሣል። ሦስት የተለያየ ከፍታ! ጣሪያው አይገጥምም። ሮማኔስኮች ለዚህ ብለው ክፍሉን ወደ ካሬ ለማስጠጋት ይደክሙ ነበር። ሹል ቅስት ግን ከሁለት ማእከል ስለሚነደፍ ሦስቱንም ስፋቶች ወደፈለግሽው አንድ ከፍታ ታደርሻቸዋለሽ። የክፍሉ ቅርጽ ነፃ ወጣ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከእነዚህ ጋር የአንድ ዘመን እንደሆኑ ይነገራል፤ በእነርሱም ውስጥ ቅስት አለ። ታዲያ እንዴት ደጋፊ ግንብ አላስፈለጋቸውም?
ከደሴ

መልስ፦ ንጉሥ ላሊበላ የነገሠበት ዘመን በእርግጥ በፈረንሳይ ያለው የሻርትር ጎቲክ ካቴድራል እንደገና ከተገነባበት ዘመን ጋር ይገጥማል። የላሊበላ ቅስት ግን ከአንድ ዓለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ቅስት ወደ ጎን የሚገፋው ተነጣጥለው የተጠረቡ ድንጋዮች እርስ በርስ ተደጋግፈው ሲቆሙ ነው፤ እዚያ መገጣጠሚያ ስለሌለ እንደ ተገነባ ቅስት የሚገፋ ነገር የለም። የዓለት ቤት ጠላቱ ሌላ ነው፤ ስንጥቅና በስንጥቁ የሚገባ የዝናብ ውኃ።

ጥያቄ፦ ሃያ ዓመት በግንባታ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ሲሚንቶ፣ ብረትና ክሬን ሳይኖር 40 ሜትር ላይ የድንጋይ ጣሪያ እንዴት ይሠራል? ቅደም ተከተሉን ብትነግሩኝ።
ግንበኛ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ክሬን ነበራቸው። ሁለት ሰዎች ውስጡ እየተራመዱ የሚያዞሩት ትልቅ የእንጨት መንኰራኩር ገመዱን እንዝርቱ ላይ ይጠቀልላል። ብረትም ቢሆን ጨርሶ አልጠፋም፦ ኖትር ዳም ደ ፓሪ በኤፕሪል 2019 ከተቃጠለች በኋላ በተደረገው ምርመራ፣ ከ1160ዎቹ ጀምሮ ድንጋይን ከድንጋይ የሚያያዙ የብረት ካንቻዎች በብዛት እንደገቡባት ታውቋል። ሲሚንቶ ግን አልነበረም። ማያያዣው ኖራ ነው፤ ኖራ ደግሞ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ስለሆነ ወፍራም ግንብ ውስጥ ዓመታት ይፈጅበታል። ቅደም ተከተሉን የወሰነው ይኼ መዘግየት ነው።

በመጀመሪያ ግድግዳና ምሰሶ ከነደጋፊ ግንባቸው ይወጣሉ። ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚሠራው የላይኛው የእንጨት ጣሪያ ነው፤ ከድንጋዩ ቅስት አስቀድሞ! ከሥሩ የሚሠሩትን ከዝናብ ይሸፍናል፣ ማገሩም ዕቃ መሳቢያ ይሆናል። ከዚያ ጎድኖቹ ከምሰሶው የሚነሡበት ቦታ ይሠራል። እዚህ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ረድፎች መልካቸው ቅስት ይምሰል እንጂ አልጋቸው (አንዱ ድንጋይ በሌላው ላይ የሚቀመጥበት ገጽ) አግድም ነው፤ ወደ ኋላ ከግድግዳው ጋር ተቆላልፈው ስለሚገነቡ ያለ ድጋፍ ይቆማሉ። በዚህ መላ በእንጨት ቅርጽ የሚሸፈነው ስፋት በጣም ይጠባል።

የእንጨቱ ቅርጽ (ፎርምወርክ የምንለው) ከዚህ በላይ ይተከላል፤ ለጎድኖቹ ብቻ እንጂ ለጣሪያው ሁሉ አይደለም። የጎድን ድንጋዮች በአብነት ተጠርበው ከሁለቱም ወገን እኩል እየተደረደሩ ይወጣሉ፤ አንዱ ወገን ከቀደመ ቅርጹ ይጣመማል። አናት ላይ ቁልፉ ድንጋይ ይገባል። ጎድኖቹ ከቆሙ በኋላ በመካከላቸው ያለው ልባስ በቀላል ሳንቃ እየተደገፈ ረድፍ በረድፍ ይሞላል። ልባሱ ስስ ነው፤ በኖትር ዳም ደ ፓሪ ትልቁ አዳራሽ ላይ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይደርስበት ቦታ አለ። የቅስቱ ትከሻ ከላይ በኩል በፍርስራሽ ድንጋይና በኖራ ይሞላል። ይህን መሙያ ትርፍ ጭነት አድርገው አይዩት፤ ቅስት ሲከዳ ትከሻው ወደ ላይ ያብጣል፣ መሙያው ያንን ይይዛል።

የሚያስፈራው ሰዓት ቅርጹ የሚነሣበት ነው። ቅርጹ የሚቆመው በሽብልቅ ላይ ስለሆነ ሽብልቆቹ ጥቂት በጥቂት ይላላሉ እንጂ በአንዴ አይመቱም። ኖራው ሳይዝ ከተነሣ ቅስቱ አናቱ ላይ ይሰምጣል፣ ምሰሶዎቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ከዚያ በኋላ ቱንቢ ቢጥሉ ምንም አይመልሰውም። በመጠኑ ሲዘገይ ግን ኖራ ከሲሚንቶ የሚበልጥበት ነገር አለ፦ ግንቡ ሲንቀሳቀስ ሳይሰነጠቅ አብሮት ይሄዳል። በብርድ ወራት ውርጭ ትኩስ ኖራን ስለሚያበላሸው ግንባታው ይቆማል፤ ያላለቀው ግድግዳ አናት በገለባና በፍግ ይሸፈናል።

አደጋው ለዋናውም ባለሙያ አይቀርም ነበር። በእንግሊዝ የካንተርቤሪ ካቴድራል በ1174 ከተቃጠለ በኋላ ሥራውን የያዘው፣ ከፈረንሳይ ከተማ ከሳንስ የመጣው ጊዮም፣ በ1178 ትልቁን ጣሪያ ለማጠፍ መሣሪያዎቹን ሲያዘጋጅ እንጨቱ ከእግሩ ሥር ተሰብሮ 15 ሜትር ገደማ ወደቀ። አልጋ ላይ ሆኖ ጥቂት ጊዜ ሥራውን ከመራ በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ፤ ቀሪውን ሌላ ጊዮም፣ እንግሊዛዊው፣ ጨረሰው።

ስለ በራሪ ደጋፊ ቅስት አልጠየቁንም፤ ነገር ግን ያለ እርሱ መልሱ ጎደሎ ነው። የጣሪያው ግፊት ግድግዳውን የሚያገኘው ከፍ ብሎ፣ በመስኮቱ ትከሻ ላይ ነው። ደጋፊው ቅስት ያንን ግፊት ተቀብሎ በጎን አዳራሹ ጣሪያ ላይ አሻግሮ ውጭ ለቆመው ግንብ ያስረክባል። ብዙ ጊዜ ሁለት ደጋፊዎች ተደራርበው ይታያሉ፦ ታችኛው የጣሪያውን ግፊት ሲቀበል ላይኛው ረጅሙን የእንጨት ጣሪያ የሚመታውን ነፋስ ይይዛል። ውጭ ያለው ግንብ አናት ላይ የምትቀመጠው ሹል ማማም የግንቡ የላይኛው ድንጋይ በግፊቱ እንዳይንሸራተት ክብደት ትጨምርለታለች።

በሰሜን ፈረንሳይ ቦቬ ያለው ካቴድራል ይህን ስሌት እስከ ጥግ ፈትኖታል። ሥራው በ1225 ተጀመረ፤ የምሥራቁ ክፍል ጣሪያ 48 ሜትር ገደማ ደረሰ፤ የአሚየን ካቴድራል 42 ሜትር ከፍታ እንኳ ሩቅ ቀረ። በ1284 የጣሪያው ከፊል ወደቀ። ምክንያቱ ዛሬም ያከራክራል፤ ጠጋኞቹ ያደረጉት ግን ምን እንደጠረጠሩ ይናገራል። በሁለት ምሰሶዎች መካከል አንድ ተጨማሪ ምሰሶ እየተከሉ ርቀቱን በግማሽ ቀነሱት፤ በዚህ የተነሣ አራት የነበረው የጣሪያው ክፍልፋይ ስድስት ሆነ። እዚያ ሲቆሙ የተጨመሩትን ምሰሶዎች መለየት አያዳግትም፤ በላያቸው ያሉት ቅስቶች በጣም ጠባብና ቀጥ ያሉ ናቸው። ይህ ሁሉ ሳያስተምር በ1569 ከመሀሉ ላይ 153 ሜትር ማማ ተጠናቀቀ። ምዕራቡን ደግፎ የሚይዝ አዳራሽ ገና ሳይሠራ ነው የወጣው፤ በ1573 በዕርገት ቀን ተናደ። አዳራሹ እስከ ዛሬ አልተሠራም።

ጥያቄ፦ የድሮ መስታወት ባለፉት ብዙ መቶ ዓመታት እየፈሰሰ ታችኛው ጠርዙ ወፍሯል የሚባለው እውነት ነው? ቀለሙስ የተቀባ ነው ወይስ ከውስጥ ነው?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ መስታወት በክፍል ሙቀት በዚህ መጠን አይፈስም። የድሮው መስታወት በአፍ እየተነፋ ስለሚሠራ ገና ሲወጣ ውፍረቱ ወጣ ገባ ነው፤ ወፍራሙ ጠርዝ ከላይ ወይም ከጎን የሆነባቸውም ቁራጮች አሉ።

ቀለሙ ከውስጥ ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ቴዎፍሎስ በሚል ስም የጻፈ መነኩሴ የመስታወቱን ድብልቅ ሁለት እጅ የዛፍ አመድ፣ አንድ እጅ ንጹሕ አሸዋ ብሎ መዝግቧል። ሰማያዊው ከኮባልት፣ ሐምራዊው ከማንጋኒዝ፣ ቀዩ ከመዳብ ነው። ቀዩ ወፍሮ ከተሠራ ጥቁር ስለሚመስል ስስ ሆኖ በነጭ መስታወት ላይ ይለበሳል። ሠዓሊው ንድፉን በጠመኔ በነጣ ጠረጴዛ ላይ ይሥላል፤ ቁራጩን በጋለ ብረት ይሰነጥቀዋል፣ ጠርዙን በብረት መንጠቆ እየቆረጠመ ያስተካክለዋል። የተቀባው የፊት መስመር፣ የልብስ እጥፋትና ጥላው ብቻ ነው፤ ቀለሙም የተፈጨ መስታወትና የብረት ማዕድን ድብልቅ ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይጠበሳል። ምድጃው በበቂ ካልጋለ ቀለሙ ከጊዜ በኋላ ይላጣል፤ ፊታቸው የጠፋ ቅዱሳን ካዩ አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። ከዚያ ቁራጮቹ በእርሳስ ዘንግ ተያይዘው መገጣጠሚያው ይበየዳል። ቢጫውን በብር ውሕድ መቀባት የመጣው በ1300 ገደማ ነው።

የእንጨት አመድ ያለበት መስታወት አንድ ድካም አለው፦ ውኃ ከአመዱ የመጣውን ፖታሽ ያጥበዋል። በዚህ የተነሣ ላዩ ይቦረቦራል፣ እንደ ቅርፊት ያለ ግራጫ ነገርም ያወጣል። ለዚህም ነው ዛሬ በሻርትርና በሌሎች ካቴድራሎች ከጥንታዊው መስታወት ውጭ ሌላ ግልጽ መስታወት የሚገጠመው። በውጭ በኩል ሲዞሩ ግድግዳው ላይ የሚያብረቀርቅ ዘመናዊ መስታወት ካዩ ጥንታዊው ከኋላው አለ። በመካከላቸው ያለውን ክፍተት አየር እየዞረ ያደርቀዋል።