በሐኪሙ ስም የሚላክ ሒሳብ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ ክሊኒክ በነርስ ፕራክቲሽነርነት (ራሷ መርምራ በምታክም ከፍተኛ ነርስነት) እሠራለሁ። አዳዲስ የሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) ታካሚዎችን ብቻዬን መርምሬ ካርዱን በፊርማዬ እዘጋለሁ፤ ሒሳቡ የሚላከው ግን በባለቤቱ ሐኪም ስም ነው። ባለፈው ወር ዶክተር ወደ አዲስ አበባ ሲበሩ በዋሉበት ቀን እንኳ በስማቸው ተልኳል። ሥራ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ እንደ አባት ነው የማያቸው። ልልቀቅ ብል ደግሞ በሴፕቴምበር 2025 የፈረምኩት ውል ለሁለት ዓመት በአካባቢው እንዳልሠራ ይከለክለኛል። ምን ይመክሩኛል?
ግራ የገባኝ

መልስ፦ እኅቴ፣ ጠቡ በ15 ዶላር ነው። ሜዲኬር ለሐኪም 100 ዶላር የሚከፍልበት ምርመራ በአንቺ መለያ ቁጥር ሲጠየቅ 85 ይከፈላል። ሙሉውን በሐኪሙ ስም መጠየቅ የሚቻልበት መንገድ አለ፤ ነገር ግን ሕክምናውን የጀመሩት እሳቸው መሆን፣ አንቺ በምታዪበት ሰዓትም በክሊኒኩ ውስጥ ወይም ደንቡ በሚፈቅደው የቪዲዮ ግንኙነት ወዲያው መገኘት አለባቸው። አዲስ ታካሚ ፈጽሞ አይገባበትም። ለደም ግፊት ክትትል የመጡ እናት «ጉልበቴንም ያመኛል» ካሉሽና ጉልበታቸውን ያየሽው አንቺ ብቻ ከሆንሽ፣ ያም ሒሳብ በስምሽ ነው መሄድ ያለበት። ደመና ላይ ያለ ሐኪም ማንን እንደሚቆጣጠር እኔ አላውቅም።

«ሒሳቡን የላክሁት እኔ አይደለሁም» ማለት ብቻውን አያድንሽም። የሐሰት ክፍያ ጥያቄን የሚቀጣው የፌዴራል ሕግ እያየ ዓይኑን የጨፈነውንም ይይዛል፤ የመንግሥትን ጉዳት በሦስት እጥፍ ያስከፍላል፣ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይም ቅጣት ይጨምራል።

ለዶክተርና ለሒሳብ ሠራተኛው አጭር ኢሜይል ጻፊ፦ «በአገልግሎት ሰጪነት በሜዲኬር ተመዝግቤአለሁ ወይ? የአዳዲስ ታካሚዎቼ ሒሳብ የሚላከው በማን ቁጥር ነው?» ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው የአዲስ ተቀጣሪ ምዝገባ ሲጓተት ነውና፣ ክስ ሳይሆን ጥያቄ ይምሰል። አክብሮትሽን ቡና ላይ ግለጪላቸው፤ ይህ ግን በጽሑፍ ይሁን። ስሕተቱን ካመኑ ያለአግባብ የተከፈለውን መመለስ ግዴታቸው ነው። «ዝም ብለሽ ሥሪ» ካሉሽ፣ የታካሚ ካርድ ፎቶ ማንሳት ሳትጀምሪ የጤና ሕግ ጠበቃ አማክሪ። በመጠየቅሽ ቢያባርሩሽ ያው የሐሰት ክፍያ ሕግ ሊከላከልልሽ ይችላል።

ስለ ውሉ አትጨነቂ። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሜሪላንድ ታካሚ በቀጥታ የሚያክም፣ በዓመት እስከ 350,000 ዶላር የሚያገኝ ፈቃድ ያለው የጤና ባለሙያ የሚፈርመው እንዲህ ያለ ክልከላ ዋጋ የለውም። ከዚያ በላይ ይከፍሉሻል ብዬ አልገምትም! የታካሚዎችን ዝርዝር ይዘሽ መውጣት ግን አሁንም አይፈቀድልሽም።

መልቀቂያ ከማስገባትሽ በፊት አንድ ነገር አጣሪ፦ የሙያ ስሕተት መድንሽ የሚሸፍነው በመድኑ ዘመን የቀረበን ክስ ብቻ ከሆነ፣ ከወጣሽ በኋላ ለሚመጣ ክስ የሚገዛውን ተጨማሪ ሽፋን ማን ይከፍላል? ውድ ነው፤ የሥራ ውልሽም ዝም ካለ ወጪው በአንቺ ላይ ሊወድቅ ይችላል።