የሸረሪቷ ነው ወይስ የእራቷ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከኮምቦልቻ ነው። ሸረሪት ውስጥ አዳዲስ የአር ኤን ኤ ቫይረሶች ተገኙ የሚል ቴሌግራም ላይ አየሁና ለማዘር ባነብላት በነጋታው ዕቃ ቤቱን ሙሉ ፍሊት ነፋችው፣ አሁን ከሸረሪቱ ይልቅ ፍሊቱ ሊጨርሰን ነው። እውነት ወደ ሰው ይተላለፋል እንዴ? ደሞ ያቺን የምታክል ነገር ውስጥ ቫይረስ እንዴት ያገኙታል?

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ በርና መስኮቱን ክፈቱት። ሸረሪት እንደ ትንኝ የሰው ደም አትመጥም፣ ከሷ ወጥቶ ሰው ያሳመመ ቫይረስም እስካሁን አይታወቅም፣ እንደውም ትንኙንና ዝንቡን የምትለቅምላችሁ እሷ ናት። ማዘር ብትደነግጥ ግን አይፈረድባትም። ኩፍኙም፣ የእብድ ውሻ በሽታውም፣ ዶሮ የሚፈጀው ፈንግልም፣ በክፉ ቀን የሀገሩን ከብት የጨረሰው ደስታ የሚባለው በሽታም የሚመጡት በአር ኤን ኤ ቫይረስ፣ ማለትም የዘር ኮዱ በዲ ኤን ኤ ሳይሆን በዘመዱ በአር ኤን ኤ በተጻፈ ቫይረስ ነው (ደስታስ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል፣ ተመስገን)።

አገኛኘቱ እንዲህ ነው። አር ኤን ኤ ቶሎ ስለሚበላሽ ሸረሪቶቹ እንደተያዙ ወዲያው ይቀዘቅዛሉ፣ ከዛ ይፈጩና ውስጣቸው ያለው አር ኤን ኤ በሙሉ ይወጣል፣ አብዛኛው የሸረሪቷ የራሷ ስለሆነ የሚቀነሰው ተቀንሶ የቀረውን ማሽን በሚሊዮን በሚቆጠር ቁርጥራጭ ያነበዋል፣ ኮምፒውተሩ ይገጣጥመውና አንድ ነገር ይፈልግበታል፣ አር ኤን ኤን ከአር ኤን ኤ የሚገለብጠውን ኢንዛይም። እነ ኤች አይ ቪን ትተን የአር ኤን ኤ ቫይረሶች ያለሱ አይራቡም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ቫይረሱን በዓይኑ ያየው ሰው የለም፣ የተገኘው ኮዱ ነው።

የቻይናው ዣንግ ዮንግዠን ቡድን በዚህ መንገድ በ2015 እ.ኤ.አ. ሸረሪትን ጨምሮ ከ70 የነፍሳትና መሰሎቻቸው ዝርያዎች 112 አዳዲስ ቫይረሶች አወጣ፣ በ2016 ደግሞ አከርካሪ ከሌላቸው ከ220 በላይ ዝርያዎች 1,445። ሰውዬው ጃንዋሪ 2020 ላይ የኮሮናን ኮድ ለዓለም ይፋ ያደረገው ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ዜናው የዘለለው ነገር ነው። ሸረሪት አታኝክም፣ ያጠመደችው ዝንብ ላይ የሚያሟሟ ፈሳሽ ትተፋበትና እንደ ሾርባ ትመጠዋለች። እሷ ለምርመራው ስትፈጭ ሆዷ ያለው ዝንብም አብሮ ተፈጨ፣ የዝንቡ ቫይረስም አብሮ ተነበበ፣ ታድያ "የሸረሪት ቫይረስ" የተባለው የማን ነው? ለመለየት የዝንብ ዘረመል ናሙናው ውስጥ አለ ወይ ተብሎ ይፈተሻል፣ የቫይረሱ መጠን ይታያል፣ ዘመዶቹ ከምን እንስሳ እንደተገኙ ይታያል፣ ከተቻለም ሸረሪቷ ሳትበላ ትቆያለች። ይሄን ያላጣራ ጥናት እኔ በግማሽ ልብ ነው የማነበው።

ጥያቄ፦ ደሴ የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ጦሳ ተራራ ላይ ሸረሪት ሞልቷል፣ ማሽን ግን የለኝም። እንዲህ አይነት ስራ እኔ መስራት እችላለሁ?

መልስ፦ ትችላለህ ወንድሜ፣ ያውም ሸረሪት ሳትይዝ። ሌሎች ለሌላ ጥናት ብለው ያነበቡት ዳታ በነፃ ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። ሴራተስ የሚባለው ፕሮጀክት እንዲህ ያሉ 5.7 ሚሊዮን ናሙናዎችን ፈትሾ በ2022 ከ130 ሺህ በላይ አዳዲስ የአር ኤን ኤ ቫይረሶችን አሳውቋል፣ አንድም እንስሳ ሳይይዝ። አንተ ከአንድ የሸረሪት ፋይል ጀምር፣ ግን በሞባይል ዳታ እንዳታወርደው ጉድ ትሆናለህ፣ ዋይፋይ ፈልግ። የጦሳዎቹን ደግሞ እስከዛው ዝርያቸውን መለየት ተለማመድ። ፎቶ ብቻ አይበቃህም፣ ብዙው ዝርያ የሚለየው የአዋቂዋ ብልት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው፣ ማይክሮስኮፕ ደግሞ ግቢያችሁ አይጠፋም።